አምስቱ የተካፈሉት

ይህ ታሪክ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። ያነበብኩትም አይደለም... ማለቴ፣ አንብቤዋለሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከማንበቤ ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ብዙ አስፈሪ ታሪክ አይቻለሁ። አብዛኛው "ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር" ብሎ ይጀምራል። የእኔ በጠራራ ቀን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የቢሮው መብራት ሁሉ በርቶ፣ አጠገቤ ፕሪንተር እየተንጫጫ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትሳሳቱ።

አንድ አደራ ብቻ አለኝ። ስትጨርሱ አትዘኑልኝ። ካዘናችሁም በሆዳችሁ ይሁን።

ስሜ ሔርሞን ነው። የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ብሌንደን ታውንሺፕ አንድ አፓርታማ ውስጥ ከእናቴና ከስምንት ዓመቷ ልጄ ከሮሃ ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ ቢሩክ ትራክ ነው የሚነዳው፤ በሦስት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል።

ሥራዬ ጋሃና የሚባል ሰፈር ነው፤ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ ቢሮ ውስጥ። ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ወረቀት ይልኩልናል። እኛ ስካን እናደርገዋለን፤ ከዚያ የእጅ ጽሑፉን እያነበብን ኮምፒውተር ላይ እንገለብጣለን። ሰው "ምንድን ነው የምትሠሪው?" ሲለኝ "የሞተ ሰው ደብዳቤ አነባለሁ" እላለሁ። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ አገር አንድ ሳጥን መጣ።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የኖሩ አምስት ሳይንቲስቶች የተጻጻፉት ደብዳቤ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ሳይንቲስት ሲባል ደረቅ ሰው ነበር የሚመስለኝ። እነዚህ ግን ዕድርተኛ ነበሩ ብል ይቀለኛል።

ስማቸው የሚጠራ ትልልቅ ሰዎች አይደሉም። አንዱ የገጠር ሐኪም ነው። አንዱ መምህር፣ አንዱ ሰዓት ሠሪ። አራተኛዋ ሚስ ፌን ትባላለች፤ አላገባችም፤ እህቷ ቤት ተጠግታ እየኖረች የድንጋይ ሽበት ከየአለቱ እየፋቀች ታጠናለች። አምስተኛው ሚስተር ክሮፍተን ነው። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመንደሩ አሮጌ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ገመድ እያወረደ የውኃውን ከፍታ ይለካል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጎደለም።

አምስቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። አንድ የደብዳቤ ጥቅል ግን ነበራቸው፤ በፖስታ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። የደረሰው ሰው የሌሎቹን ያነባል፣ የራሱን ገጽ ይጨምራል፣ ለቀጣዩ ይልካል።

የአንዱ ማይክሮስኮፕ ሲሰበር ሌላው የራሱን ነቅሎ ይልክለታል። ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ሲደክም ሐኪሙ ሥዕሎቹን ሣለለት። የመምህሩ ልጅ በስድስት ዓመቷ ስትሞት አራቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጻፉለት፤ ሚስ ፌን ያን ሰሞን ላገኘችው አዲስ የድንጋይ ሽበት ዓይነት የሕፃኗን ስም አወጣችለት። ያን ገጽ ስገለብጥ መሐረብ ፈልጌያለሁ።

አጠገቤ የሚቀመጡት ጋሼ ሰብስቤ ናቸው። አዲስ አበባ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። የሳጥኑን ግማሽ እሳቸው፣ ግማሹን እኔ ተከፋፍለን ነበር የምንገለብጠው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ለፈረንጆቹ ማን ነገራቸው?" አልኳቸው። ሳቁ።

በሁለተኛው ሳምንት መሳቅ አቆሙ። ምን አገኙ ብላቸው፣ ይቺን ሳጥን ቶሎ እንገላገላት ብቻ አሉኝ።

ሦስት ቀን ቆይቶ እኔም ደረስኩበት።

የክሮፍተን ገጽ ነው። በጥቅምት የተጻፈ። እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ጠዋት ገመዱን ሳወርድ ጫፉን አንድ ነገር ያዘው። አልጎተተውም። ያዘው ብቻ።"

ቀጣዩ ገጽ፦ "ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላዬ ቆሟል። ስዞር የለም። ማጅራቴ ላይ ግን ይተነፍሳል። ትንፋሹ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ቀንም ሌሊትም አይለየኝም። መኖሩን መዝግቤያለሁ፤ ምንነቱን ግን ልለካው አልቻልኩም።"

ጓደኞቹ አላሾፉበትም። እኔ የወደድኳቸው ለዚህ ነው... አሁን የምረግማቸውም ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ጻፈ፦ "ምን እንደሆነ አናውቅም። እስከ ዛሬ ግን ሁሉን ተካፍለናል። ይህንንም እንካፈለው።"

ከሥሩ አራቱም በየእጃቸው አንድ ቃል ጻፉ። በእኔ ላይ ይሁን።

ሠራ።

ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ወሬ አይደለም፣ መዝግበውታል። ቀንና ሌሊት ክሮፍተን ላይ የነበረው ነገር ለአምስት ተከፈለ። እያንዳንዳቸው ላይ በቀን ለአራት ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ ይቆማል። የመጣበትና የሄደበት ሰዓት በሠንጠረዥ ተጽፏል፤ የአንዱ ሲያበቃ የሌላው ይጀምራል፣ አንድ ደቂቃ አይዛነፍም። ክሮፍተን "ትናንት ተኛሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ" ብሎ ጻፈላቸው።

ከዚያ ክሮፍተን ሞተ።

ድርሻው አብሮት አልተቀበረም። ለቀሩት ስድስት ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰዓት ሠሪው ሞተ... ስምንት ስምንት። መምህሩ ሞተ... አሥራ ሁለት። ከዚያ ሐኪሙም ሞተ።

የሳጥኑ የመጨረሻ ወረቀት የሚስ ፌን ነው። ማለዳ ቢሮ እንደገባሁ ስካን አደረግኩትና ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ አራት መስመር ነው። "አሁን ሃያ አራቱም ሰዓት የእኔ ነው" ይላል። "የምልክለት ሰው የለም፤ የመጻፍ ልማድ ግን አልለቀቀኝም። ይህን የምታነብ ሰው ሆይ፣ ምንም አልጠይቅህም። ደክሞኛል ብዬ ለአንድ ሰው መንገር ፈልጌ ነው።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

አንዲት አሮጊት፣ ብቻዋን፣ ደክሞኛል ስትል?

ሰው ሲደናቀፍ፣ ጣቱን ቢላ ሲቆርጠው፣ ሕፃን ከወንበር ሲወድቅ፣ እኛ ሳናስብ የምትወጣን ቃል አለች። ፈረንጅ "ሶሪ" ይላል። እኛ ግን ሕመሙን ወደ ራሳችን ነው የምንጠራው። ሰው ቢሰማንም ባይሰማንም፣ በቴሌቪዥን ላለ ሰው እንኳ እንላታለን።

"እኔን፣ እናቴ" አልኩ። ድምፄን አውጥቼ።

ሰዓቱ ልክ ሦስት ሰዓት ነበር።

ማጅራቴ ላይ አንድ ሰው ተነፈሰ።

ዞርኩ። ግድግዳ ነው። ማሞቂያው ይሠራል፤ ሁሉም ሰው በሸሚዝ ነው። እጄን አንገቴ ላይ ሳደርገው ረጠበ። የጉድጓድ ውኃ ሽታ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ አክስቴ ግቢ ጉድጓድ ነበረ። እሱ ሸተተኝ።

ጋሼ ሰብስቤ ከኮምፒውተራቸው ቀና ብለው ያዩኛል። እኔን አይደለም የሚያዩት። ከትከሻዬ በላይ ነው።

"ሔርሞን" አሉ በሹክሹክታ።

"አቤት ጋሼ።"

"ከኋላሽ... ማነው?"

"የቱ?"

"ምንም። ዓይኔ ነው።"

ጃኬታቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሥራ አልተመለሱም።

ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ነበር። መንካቱንስ አይነካኝም። ይተነፍሳል ብቻ... ቀስ ብሎ፣ እንደተኛ ሰው። ስነሳ ይነሳል። ሽንት ቤት ስገባ ይገባል። ማታ ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ድንገት ለቀቀኝ። ሰዓት አየሁ። የማታው ሦስት ሰዓት ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ። የሃያ አራት ግማሽ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሰ።

እኔ ግማሹን ከያዝኩ... ሌላውን ግማሽ ማነው የያዘው?

ቢሮ ገብቼ የሚስ ፌንን ወረቀት አወጣሁ። ስካን ያደረግኩት ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ አሥራ አራት መስመር። ወረቀቱን ቆጠርኩ። አሥራ አምስት ነው። ደግሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ቀለሙ ያው የደበዘዘ ቡናማ፣ እጁም የእሷው እጅ ነው።

አሥራ አምስተኛው መስመር "ትናንት ሌሊት ተኛሁ። አመሰግናለሁ" ይላል።

በዚያ ሳምንት አርብ ጋሼ ሰብስቤ ኮል አደረጉኝ። ስሜን እንኳ አልጠሩም።

"ብለሻል፣ አይደል?"

"ምኑን?"

"ቃሉን ነዋ።"

አዎ አልኳቸው። ከዚያ እሳቸው የሐኪሙን ገጾች ሲያነቡ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እንደነበር ነገሩኝ። እኔን ግን ስላላስጠነቀቁኝ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ያበደ ሽማግሌ እንዳልባል ብዬ ነው አሉ።

"ያ ነገር ከክሮፍተን ጋር መሞት ነበረበት" አሉኝ። "ያኖሩት ጓደኞቹ ናቸው። አንዱ ሲሞትበት የሚሄድበት ሌላ ሰው አዘጋጅተው ቆዩት።"

"ምን ላድርግ ጋሼ?"

"ብቻሽን ያዢው። ለማንም አትንገሪ፣ ማንም አይወቅብሽ። ማንም ካልተካፈለሽ ምናልባት አንቺ ጋ ያበቃል።"

"እሺ።"

"እናትሽ አብረውሽ ናቸው?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ተጠንቀቂ" አሉ። "እኛ ቤት እኮ ላልታመመም 'እኔን' ይባላል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቴ ከኋላዬ ያለው ነገር መሆኑ ቀረ። የፈራሁት የእናቴን አፍ ነው።

እናቴ ዓለምነሽ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ፓስታ ሲያቃጥለኝ እኔን፣ ሳል ሲይዘኝ እኔን፣ ቢሩክ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት ስትባል እኔን የምትል ሴት ናት። ስለዚህ ሸሸኋት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከቤት እወጣለሁ። ቅዳሜ ኦቨርታይም አለኝ እያልኩ ሞርስ ሮድ አንዱ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቤቴ እገባለሁ። ሮሃን የማያት ስትተኛ ብቻ ሆነ።

መኪናው ውስጥ አንድ ቀይ መብራት አላቆም አለኝ። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ቀበቶ አላሰረም የሚለው ምልክት ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ነው። ባዶ ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግን አይበራም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ እናቴ እንዳትጠረጥር ብዬ ሄድኩ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ መሐል አስተናጋጇ እህት ፀሐይወርቅ አንድ ታጣፊ ወንበር ይዛ መጣችና በእኔና በግድግዳው መካከል አስገብታ ዘረጋችው።

"ይቀመጡ እንጂ፣ ቆመው ደከሙ" አለች።

"ለማነው?" አልኳት በሹክሹክታ።

አየችኝ። ወንበሩን አየችው። ግንባሯን ቋጠረች።

"እኔ እንጃ... ለማን ነበር ያመጣሁት?"

ወንበሩን ግን አላነሳችውም።

እናቴ በመጨረሻ የያዘችኝ በልብስ ነው። ሸሚዞቼ ሁሉ አንገታቸው ላይ ብቻ ርጥብ ናቸው። ታጥበው፣ ደርቀው፣ ታጥፈው እንኳ አንገታቸው አይደርቅም። አንድ ማታ ስገባ አንዱን ይዛ ሳሎን ጠበቀችኝ። "ምን ሆነሻል ልጄ? ላብ ነው? ታመሻል? እ..." ስትል ሮጬ አፏን በእጄ ያዝኩት።

ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። በሕይወቴ እናቴ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። ያንን ቃል አትበይብኝ፣ ያስጠላኛል ብዬ ተቆጣሁ። ቀስ ብላ እጄን ከአፏ አነሳችው።

"እኔን የሚለው ሰው ያጣ ነው የሚያሳዝነው" አለችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። እንባዬ መጣ። ግን አላለችውም፤ ተመስገን አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልወጣ ስል በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ሮሃ ጎረቤት ልጅ ጋ ሄዳለች። እናቴ ጋቢዋን ለብሳለች፣ መጽሐፍ ቅዱሷ ጭኗ ላይ ነው። እውነቱን ካልነገርሽኝ አትወጪም አለች። አልፌ ልሄድ ብል ይቻለኝ ነበር። ደከመኝ። ሦስት ሰዓት ሞላ፤ እሷ እያየችኝ ከኋላዬ መጣ፤ ሲተነፍስብኝ ትከሻዬ እንዴት እንደሚሰበሰብ አየች።

ነገርኳት። ከክሮፍተን ገመድ እስከ አሥራ አምስተኛው መስመር ድረስ። የነገርኳት እንዳትለው ነው። ካወቀች ትጠነቀቃለች ብዬ ነው። ሁሉንም ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

"ለሦስት ሲካፈል ስንት ሰዓት ይሆናል?"

እንደ ተማሪ፣ ሳላስብ መለስኩላት። "ስምንት።"

ተነሳች። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ላስቆማት ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ... ወይም እኔ አላዘዝኩትም። ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እኔን፣ ልጄ" አለች። ቀስ ብላ። እያወቀች።

ያን ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለቀቀኝ። እናቴ ወጥ እያማሰለች ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠች፤ ማጅራቷን ነካች።

"ቀዝቃዛ ነው" አለች። ከዚያ ማማሰሏን ቀጠለች።

እውነት ልናገር? ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርባዬን ወንበር ላይ አስደግፌ አላውቅም ነበር። ያን ማታ ከልጄ ጋር ሶፋ ላይ ተጋድሜ ካርቱን አየሁ። እናቴ ክፍሏን ዘግታ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እየጸለየች ተቀመጠች። እኔ በግድግዳው በኩል እየሰማኋት ሳቅኩ፤ ካርቱኑ አስቆኝ። ለዚህ ሳቅ ራሴን ይቅር አልልም።

ለሮሃ ምንም እንዳንል ተስማማን። ፊቷ እንዳንሳቀቅ፣ እንዳናማርር። ቢሩክ ሲደውል ደህና ነን እንል ጀመር። ሮሃ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ሌላ ጊዜ የምበሳጭበት ነገር አሁን እፎይታ ሆነኝ።

እናቴ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀች። ከንፈሯ ጠቆረ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ ምርመራው ሁሉ ጥሩ ነው አሉን። እሷ "ቀላል ነው" ትላለች። ብትሞትብኝ ድርሻዋ ወደ እኔ እንደሚመለስ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ለዚህ ብላ በግድ ትበላለች። እያየኋት ቃሉ ምላሴ ላይ ይመጣል። ብናገረውም ዋጋ የለውም፤ እኔ አስቀድሜ ገብቼበታለሁ።

ያለፈው ሐሙስ ቢሮ ነበርኩ። ድንገት ማጅራቴ ሞቀ።

ሄዷል።

ሰዓት አየሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተራዬ የሚያበቃው አሥራ አንድ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እየደከመ ነው አልኩ፤ ሊተወን ነው አልኩ። እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ ጌታዬ ተመስገን እያልኩ ነበር።

ከዚያ ሳልፈልግ አሰላሁት።

ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ ዘጠኝ... ስድስት ሰዓት።

ሃያ አራት ለአራት ሲካፈል ስድስት ነው።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ መጥቶብሻል?"

"ኧረ የለም። ገና ነው እኮ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ዛሬ እንዲያውም ቀለል ብሎኛል" አለች። ድምፅዋ ደስ ይላል። ደስ ማለቱ ነው ያስፈራኝ።

"ማነው ክፍልሽ የገባው?"

"ማንም..." አለችና ቆመች። ስትተነፍስ ይሰማኛል። "ትናንት ማታ ሮሃ ገብታ ነበር። ስንቀጠቀጥ አየችኝና አልጋዬ ላይ ወጥታ አቀፈችኝ።"

"ምን አለችሽ?"

እናቴ ማልቀስ ስትጀምር ስልኩን ዘጋሁት።

እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ያ ቀይ መብራት ጠፍቷል። ሳምንታት ሙሉ እንዲጠፋ የለመንኩት መብራት ሲጠፋ እየጮኽኩ ነዳሁ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ ቢጫ ባስ አፓርታማችን መግቢያ ላይ ቆመ። ፀሐይ ነው። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ላይ ይወርዳል። ልጆቹ እየተጋፉ ወረዱ። ሮሃ መጨረሻ ላይ ወረደች። ጃኬቷ እስከ አንገቷ ተቆልፏል፤ ማጅራቷ ላይ ያለው ሹሩባ ርሷል።

ተንበርክኬ ያዝኳት።

"ሮሃዬ፣ ትናንት ለእማማ ምን አልሻት?"

በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ስወድቅ እማማ ሁልጊዜ የምትለኝን ነዋ አለችኝ። ከዚያ ቃሉን ራሱን በአማርኛ አለችው፤ ጥርት አድርጋ፣ ልክ እንደ አያቷ። ጎበዝ እንድላት ፊቴን እያየች ጠበቀች።

ጎበዝ አልኳት።

እጇን ይዤ ወደ ቤት ልወስዳት ስል ባሱ አለመሄዱን አየሁ። ልጆቹ ሁሉ ወርደዋል፤ ውስጡ ባዶ ነው። በሩ ግን ክፍት ነው። ቀያይ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ የማቆሚያው ምልክት እንደተዘረጋ ነው፣ ከወዲያም ከወዲህም መኪናዎች ቆመው ይጠብቃሉ።

ሾፌሯ ወደ ባዶው ደረጃ ጎንበስ ብላ እያየች ፈገግ ብላለች። በእጇ፣ ችግር የለም፣ ቀስ ብለህ ውረድ ትላለች።